ሠላሳ ሁለት በሠላሳ ሁለት፦ የአንድ ማመልከቻ ማስታወሻ

እሑድ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቀን ቀን ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር የሚገባውንና የሚወጣውን እመዘግባለሁ፤ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። ማታ ቤት ገብቼ ኮምፒውተሬን እከፍትና ደግሞ ብሎክ እደረድራለሁ። እናቴ «ቀን ብሎኬት፣ ማታ ብሎኬት፤ አንቺ ልጅ፣ ሌላ የሚታይሽ ነገር የለም?» ትለኛለች። የማታው ብሎክ ግን ሲሚንቶ አይፈልግም፣ ሲወርድ አይሰበርም፣ ቆጠራ ሲደረግም አይጎድልም።

ጨዋታው ማይንክራፍት ነው። ስዊድን ውስጥ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ሙሉ ሆኖ የወጣ፣ እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ። መሬቱም ተራራውም እያንዳንዱ አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ብሎክ የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ለመትረፍና ለመዋጋት ይጫወተዋል። እኔ የምወደው ግን ጠላትም ረሃብም የሌለበትን፣ ብሎክ የማያልቅበትን የፈጠራ ስልት ነው።

ይህን ማስታወሻ ዛሬ የጀመርኩት አንድ ነገር ስለቆረጥኩ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ ሰዎች በአንድ ሰርቨር (ሁሉም በኢንተርኔት በሚገቡበት አንድ የጋራ ኮምፒውተር) ላይ ለዓመታት የሚገነቡት ምናባዊ ዓለም አለ። ታሪኩ፣ ካርታው፣ ነገሥታቱ ሁሉ የራሳቸው ፈጠራ ናቸው። ሰባት ግዛቶች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ ያለቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ለመጎብኘት ማንም መግባት ይችላል፤ ለመገንባት ግን ማመልከት ያስፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ገብቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ስዞር ቆየሁ። አንድ የወፍጮ ቤት ውስጥ የዱቄት አቧራ በነጭ ምንጣፍ ተመስሎ መሬት ላይ ተነጥፎ ሳይ ያኔውኑ ተሸነፍኩ።

ማመልከቻው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ ከዚህ በፊት የሠራሁትን በሥዕል ማሳየት። ሁለተኛ፣ 32 በ32 ብሎክ በሆነ ባዶ ቦታ ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሥራ መሥራት። ሦስተኛ፣ ስለ ሠራሁት ቤትና ስለ አካባቢው በጽሑፍ ማስረዳት። ሦስት ገምጋሚዎች ያያሉ፤ ድምፅ ይሰጣሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

መመሪያውን እያነበብኩ ነው። 60 ገጽ እንግሊዝኛ ከሥራ በኋላ ቀላል አይደለም፤ መዝገበ ቃላቱ ከአጠገቤ አልተለየም። ለአዲስ አመልካቾች የተከፈተው የሐይቁ ግዛት ነው። አሸዋማ ዳርቻ፣ ከኋላው ደረቅ ኮረብታ፣ ሕዝቡ ዓሣ አጥማጅ። እንጨት የሚመጣው ከሁለት ቀን መንገድ ነው። የመስታወት መስኮት ከሦስቱ የንግድ ከተሞች ውጭ የለም። የተተኮሰ ጡብ የሚሠራው ለቤተ መንግሥትና ለቤተ መቅደስ ብቻ ነው።

በየገጹ ክልከላ አለ። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ዓለም እንደሚገነቡ እንጃ እንጂ ጉምሩክ ቢሆኑ የሚያልፋቸው ዕቃ አይኖርም ነበር።

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት ነው። ኮምፒውተሩ አልተከፈተም።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

የቀድሞ ሥራዎቼን ሥዕል ላክሁ፤ ዘጠኝ ናቸው። አራት ማማ ያለው ግንብ፣ በገደል ላይ የተሠራ ቤተ መንግሥት፣ የጠንቋይ ማማ፣ ሌላ የጠንቋይ ማማ፣ ድልድይ፣ ወዘተ። ስመለከታቸው ኮራሁ። የግንቡን አንድ ግድግዳ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

መልስ መጣ። ጨዋነት የተሞላበት ቢሆንም አንጀት ያቃጥላል። ሥራው በእጅ ጥሩ ነው፤ ቀለም አመራረጥ ላይ ዓይን አለ። ከዚያ ጥያቄ ይከተላል፦ በዘጠኙም ሥዕል ውስጥ ምግብ የሚበስልበት ቦታ አላየንም፤ ሰዎቹ ምን ይበላሉ? ቀጥሎ ደግሞ አመልካቾች ሁሉ ግንብ እንደሚልኩ፣ ግዛቱ ግን የሚፈልገው አራት ግንብና አራት ሺህ ተራ ቤት መሆኑን ጽፈዋል። ስለዚህ የሙከራ ሥራዬ የአንድ ድሃ ዓሣ አጥማጅ ቤት ነው።

የድሃ ቤት! ተናደድኩ። በአካባቢዬ የድሃ ቤት ስንት አይቼ፣ ለማምለጥ ብዬ ወደ ምናብ ዓለም ስገባ የሚጠብቀኝ የድሃ ቤት። ለታናሽ ወንድሜ ብነግረው ሳቀብኝ፤ «ቢያንስ ኪራይ አይጠይቁሽም» አለኝ።

እሑድ፣ ጥር 18

ቦታው ተከፈተልኝ። ሁለት ሳምንት፤ እስከ የካቲት 2። ሰርቨሩ ከአውሮፓ ስለሆነ ብሎክ ባስቀመጥኩና በተቀመጠ መካከል ዓይን የምታርገበግቡበት ያህል መዘግየት አለ። በዚህ ላይ አሮጌ ኮምፒውተሬ ሩቅ ማሳየት አይችልም፤ ዙሪያዬን በስምንት ክፍል ወሰንኩት። በጨዋታው አንድ ክፍል 16 በ16 ብሎክ ነው፤ ስለዚህ ከ128 ሜትር ወዲያ ያለው ዓለም ለእኔ ጭጋግ ነው። ለድሃ ቤት ይበቃል።

ሮብ ማታ፣ ጥር 21

የመጀመሪያው ቤት አለቀ። ድሃ ይሁን ብለውኝ ድሃ አደረግኩት ብዬ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ፣ ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት። በግድግዳው ላይ የአክሱም ሕንፃዎች እንዳላቸው የዝንጀሮ ራስ የሚባለውን፣ የአግዳሚ እንጨት ጫፍ ወደ ውጭ ብቅ የሚልበትን አሠራር ጨመርኩበት። በደብረ ዳሞና በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሥዕል ያየሁት ነው። አማረብኝ። አንድም አውሮፓዊ አመልካች ይህን አያመጣም ብዬ በልቤ ተኩራራሁ።

ሊነጋ ሲል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሙያ በሽታ ይዞኝ ነው። አንድ ሰው ወደ መደብራችን መጥቶ ቤት ልሠራ ነው ሲል መጀመሪያ የምናደርገው ዕቃ ማስላት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ብሎኬት፤ ይህን ያህል ሲሚንቶ፤ ይህን ያህል አሸዋ። ስንት ሰው ከሰላሳ ቆርቆሮ ወደ ሃያ ወርዶ፣ ሳሎኑን አጥብቦ አይቻለሁ። ታዲያ የእኔ ዓሣ አጥማጅ ዕቃውን ማን አሰላለት?

ተነሥቼ ቆጠርኩ። 188 የግንድ ብሎክ። አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ደግሞ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ከዘጠና ቶን በላይ እንጨት፣ ከሁለት ቀን መንገድ፣ በአህያ። ድንጋዩ የባሰ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ድንጋይ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ይጠጋል፤ እኔ 140 አስቀምጫለሁ። ሰውዬው መረቡን፣ ጀልባውን፣ ሚስቱን ጭምር ቢሸጥ የመሠረቱን አይከፍልም።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አፈረስኩት። ዎርልድ ኤዲት የሚባለውን መሣሪያ ለአመልካቾች ፈቅደዋል፤ በእንጨት መጥረቢያ ሁለት ጥግ ነክቶ አንድ ትእዛዝ መጻፍ ነው። አራት ቀን የፈጀ ቤት በአንድ መስመር ጽሑፍ ጠፋ። የዝንጀሮ ራሱም አብሮ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ቦታ የነበረው ለእኔ ጉራ እንጂ ለቤቱ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ከሥራ በግማሽ ቀን ወጥቼ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄድኩ። ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው፤ አሞራ ገደል የምሄደው ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ዓሣ ለማብላት። ዛሬ የሄድኩት ቤት ለማየት ነው። ይበልጥ ትክክለኛው፣ ዓሣ አጥማጅ ምን ምን እንዳለው ለመቁጠር።

ደብተር ይዤ ስቆም አንዱ ልጅ ከማዘጋጃ ቤት የመጣሁ መስሎት ራቅ አለኝ። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ በጎን ተጋድመው ተጎትተዋል። መረብ በየቦታው ተሰቅሏል፤ በአጥር ላይ፣ በዛፍ ላይ፣ በጀልባ አፍንጫ ላይ። መረብ የሚጠግነው ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ የእግሩን አውራ ጣት እንደ ሦስተኛ እጅ ይጠቀምበታል። ቢላዋ የሚሳልበት ድንጋይ መካከሉ ጎድጉዷል። ቆሮሶ በአንድ በኩል፣ አምባዛ በሌላ በኩል። አጥንትና አንጀት የሚጣልበት ቦታ አንድ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እዚያ ቆመዋል፤ ደመወዝ ለመቀበል እንደተሰለፉ ሽማግሌ ሠራተኞች፣ አንገታቸውን ቀብረው፣ ሳይቸኩሉ።

እና ደግሞ ይህ፦ የትኛውም ሰው ከሐይቁ ዳር ጋር የተጣበቀ ቤት አልሠራም። ዳርቻው የሁሉም ነው። ውኃውም ቦታውን አይጠብቅም፤ ሐይቁ ስንት ጊዜ ከፍ ብሎ ወደ ከተማው መጥቷል፤ ግድቡ የተሠራው ለዚያ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያውን ቤት ለመልክ ብዬ ከውኃው ሁለት ብሎክ ላይ ነበር ያስቀመጥኩት።

ማታ ከ32ቱ ሜትር ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 14 ለዳርቻው ተውኩ። ገና ባዶ ነው። ባዶ መተው ለእኔ ከመገንባት ይከብዳል።

እሑድ፣ ጥር 25

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ጭቃ ቤት፣ ሣር ቤት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ያልሠሩት የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮምፒውተሬን ይዤ ገባሁባቸው። ቡና ተፈልቷል። ክብ ቤት ሠርቼ ነበር፤ ወርዱ ስምንት ብሎክ፣ ጣሪያው የድርቆሽ እስር። በጨዋታው ውስጥ ለሣር ክዳን የሚቀርበው እሱ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ምሰሶው የታለ?» አሉኝ።

«ያለ ምሰሶም ይቆማል ጋሼ፣ ጨዋታ ነው።»

«ለጨዋታው ይቁም። ለእኔ ምሰሶው የታለ?»

ምሰሶ ላቆምላቸው ሞከርኩ። አልሆነም። ወርዱ ስምንት የሆነ ክብ መሃል የለውም! መሃሉ ላይ የሚገናኙት አራት ብሎኮች ናቸው፤ ምሰሶው የትኛውም ላይ ቢቆም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ አራቱም ላይ ከቆመ ደግሞ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ዓምድ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ነው አንድ መሃል ያለው። ሦስት ዓመት በዚህ ጨዋታ ክብ ማማ ስሠራ አንድም ቀን አልታወቀኝም፤ ማማዎቼ መሃላቸው ባዶ ነበርና።

ስለዚህ ሰባት። ረድፎቹ 3፣ 5፣ 7፣ 7፣ 7፣ 5፣ 3 ይሆናሉ፤ በድምሩ 37 ብሎክ። ግድግዳው ዙሪያውን 16 ይወስዳል፤ ለኑሮ 21 ይቀራል፤ አንዱን ምሰሶው ይይዛል። ግድግዳው ሦስት ብሎክ ከፍ ቢል 48፤ የበሩ ሁለት ሲቀነስ 46። አጥማጄ ይህን ይችላል።

ቀጥለው ጣሪያውን ነኩት። ለስለስ ያለ እንዲመስል በግማሽ ብሎክ ነበር ያወጣሁት፤ አንድ ወደ ውስጥ፣ ግማሽ ወደ ላይ። ሲሰላ 27 ዲግሪ አይሞላም። ጋሼ በእጃቸው መዳፍ አጋድመው አሳዩኝ፤ «ይኼ ቆርቆሮ ነው የሚሸከመው። ሣር እንዲህ ከተኛ ውኃው ይገባል እንጂ አይወርድም። አንሺው።» አነሣሁት፤ አንድ ወደ ውስጥ አንድ ወደ ላይ፣ 45 ዲግሪ፤ ጫፉ አካባቢ ደግሞ ሁለት ወደ ላይ። ክፈፉን ከግድግዳው አንድ ብሎክ አውጥቼዋለሁ፤ «ጭቃው በዝናብ እንዳይታጠብ» አሉ። ቤቱ ድንገት ቤት መሰለ። እንዴት እንደሆነ መግለጽ ያስቸግረኛል፤ ያው ድርቆሽ፣ ያው ጭቃ ነው።

ከመውጣቴ በፊት «ይህን ሁሉ ሠርተሽ ስንት ይከፍሉሻል?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። ቡና ጨመሩልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ስለ ዕቃው። ማይንክራፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ጭቃ ጨመረ፤ አፈር ላይ ከጠርሙስ ውኃ ሲፈስ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ከስንዴ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የተጠቀጠቀ ጭቃ ይሆናል። ይህን የጻፈው ፕሮግራም ሠሪ ጭቃ ሲቦካ አይቶ መሆን አለበት። የእኛዎቹ የሚጨምሩት ስንዴ ሳይሆን የጤፍ ጭድ ነው፤ ለቀናት ይቦካል፤ ሽታው ሰፈር ያውቀዋል። በ2023 ደግሞ ቀርከሃ እንደ ግንባታ ዕቃ ገባ።

ቀርከሃውን ሳይ የሲዳማ ደጋ ትዝ አለኝ። ሁላና አርቤጎና አካባቢ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የተሠሩ ቤቶች አሉ። ወደ ጨንቻ ሲወጣ የዶርዜዎቹ አሉ፤ ቁመታቸው እስከ 12 ሜትር የሚደርስ፤ ምስጥ ከሥር ሲበላቸው ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ የሚሄድ፤ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመውት ቦታ የሚቀይሩት። ይህን ለመሥራት እጄ በላኝ። ግን መመሪያው ስለ ሐይቁ ግዛት ቀርከሃ አይልም፤ የሚለው ሸምበቆ ነው። የደጋ ቤት ወደ ቆላ ሐይቅ ዳር ማውረድ ግንብ ወደ ድሃ ሰፈር ከማምጣት አይለይም። ስለዚህ የቀርከሃውን ብሎክ እንደ ሸምበቆ ተጠቀምኩበት፤ ለኩሽናው ከለላ ብቻ፣ 11 ብሎክ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሞኝነት። ምድጃውን በቤቱ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ በጨዋታው የካምፕ እሳት የሚባለው ብሎክ ነው፤ ደግነቱ ወደ ጎን አይዛመትም። ከሥሩ የመኝታ ሣር ይሁን ብዬ የድርቆሽ እስር አድርጌ ነበር። ጣሪያውን ለማስተካከል ከፍቼው ስለነበር ጭሱ ሰማይ ነካ። ለካ ከሥሩ ድርቆሽ ያለ እሳት የምልክት እሳት ይሆናል፤ ጭሱ እስከ 24 ብሎክ ይወጣል፤ ያለ ድርቆሽ አሥር ገደማ ነው። ሌላ አመልካች ከአጠገቤ ቦታ መጥቶ «ማንን ነው የምትጠሪው?» ብሎ ጻፈልኝ። እሱ የሚሠራው የጫማ ሰፊ ቤት ነው። ሦስተኛ ጊዜው ነው የሚያመለክተው። ጫማ ሰፊው ቆዳ የሚዘፈዝፍበት ጉድጓድ አሳየኝ፤ የጉድጓዱ ውኃ የሚፈስሰው ወደ ጎረቤት ደጅ ነው። «ይጣሉበታል» አለኝ። ይህ ሰው ካልገባ ማን ይገባል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ለጽሑፉ ክፍል ያዘጋጀሁትን ከገምጋሚዎቹ አንዱ አስቀድሞ አይቶ አንድ ነገር ላይ ያዘኝ። ሐይቁ ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ሐይቅ ጨው ይሆናል፤ ዓሣ አጥማጆችህ የሚጠጡት ውኃ ከየት ነው? አለ። (ወንድ አድርጎኛል፤ አላረምኩትም።)

መልስ ለመስጠት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውኃው ግን ጨው አይደለም። በመሬት ውስጥ ሰርጎ የሚሄድበት መንገድ እንዳለው ነው የሚነገረው። በዚያው በስምጥ ሸለቆ፣ ሰሜኑን ስትሄድ ሻላ አለ፤ መውጫ የለውም፣ ጨው ነው። ሁለቱንም ጻፍኩለት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካርታ ላይ አይቶ መጣ። ክርክሩን ትቶ በግዛቱ ምዕራብ በኩል አንድ ባዶ ሐይቅ እንዳለና እስካሁን ማንም ምን እንደሚያደርገው እንዳላወቀ ነገረኝ። ጨው ይሁን? ብሎ ጠየቀኝ። እኔን!

ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሌሊት ስለ ጨው አወራን። ዓሣ አጥማጁ ዓሣውን በምን ያደርቀዋል? ጨው ከዚያ ሐይቅ ከመጣ በመካከላቸው መንገድ አለ። መንገድ ካለ ማረፊያ አለ። ማረፊያ ካለ አህያ የሚጠጣበት ገንዳ አለ። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ድሃ ቤት በር ላይ ከተንጠለጠለ የጨው ከረጢት ተነሥተን ሁለት ቀን የሚያስኬድ መንገድ ዘረጋን። ግንቦቼ ለሦስት ዓመት አንድም መንገድ አልወጣቸውም ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 2

የመጨረሻው ቀን። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የኮምፒውተሬ ባትሪ 40 ደቂቃ ነው። የሠራሁት ሰርቨሩ ላይ ስላለ አይጠፋም፤ ያልተሠራው ነው ያስጨነቀኝ፤ መረቡ።

መረብ በጨዋታው የለም። የሸረሪት ድር ግን አለ። በአጥር እንጨት ላይ የሸረሪት ድር ሲሰቀል ከሩቅ መረብ ይመስላል፤ ከቅርብ ደግሞ ለአሥር ዓመት ያልተጠረገ ቤት። እስከ ማታ 2 ሰዓት በስልኬ ጥቅል እያገናኘሁ፣ ወንድሜ ከሚሠራበት ፀጉር ቤት ጄኔሬተር ላይ ሰክቼ ቀጠልኩ። ሰዎች ከጀርባዬ ቆመው ያዩኛል። አንዱ ደንበኛ ፀጉሩ በግማሽ ተቆርጦ «ያ ጀልባ ለምን ተገለበጠ?» አለ። ዝናብ እንዳይሞላው አልኩት። «ከሆነስ ሥሩ ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ እንጨቱ መሬት ከነካ ይበሰብሳል።» አሳ አስጋሪ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ነው የሚነዳው። ሁለት ድንጋይ ከሥሩ አስገባሁ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ላክሁ። ቤቱ 46 ብሎክ ጭቃ፣ አንድ ምሰሶ፣ የድርቆሽ ጣሪያ። ውጭ ኩሽና። ሁለት መረብ፣ አንድ የተገለበጠ ጀልባ፣ የጨው ከረጢት። ከ32ቱ ግማሽ ያህሉ ባዶ አሸዋ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዝምታ። በሥራ ቦታ ሁለት ደረሰኝ አሳስቼ ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ሁለት ድጋፍ፣ አንድ ድጋፍ ከማስተካከያ ጋር። የሁለት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጠኝ!

ማስተካከያው ትክክል ነው፤ ለዚያም ነው የቆጨኝ። ሦስተኛዋ ገምጋሚ በሩ ወደ ሐይቁ እንደሚያይ፣ የግዛቱ ነፋስ ደግሞ በመመሪያው ገጽ 12 ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ እንደሚነሳ አሳይታኛለች። ጭሱ ተመልሶ ቤት ይገባል። እኔ በሩን ያዞርኩት ከደጅ ሲታይ ሐይቁ እንዲያምር ነው። አሁንም ለመልክ! በሩን ወደ ጎን አዞርኩት፤ ሁለት ብሎክ ማንሳት፣ ሁለት ማስቀመጥ፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።

ጫማ ሰፊውም አልፏል። ጉድጓዱን አልነኩበትም።

እናቴ ስትሰማ እልል ልትል ቃጣት፤ ከዚያ ደመወዝ እንደሌለው አስታወስኳት። «ታዲያ ምን ሰጡሽ?» አለች። ሥራ፣ አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዐቢይ ጾም ገባ። የመጀመሪያ ሥራዬም ዛሬ መጣ። ቤት አይደለም። የሐይቁ ግዛት ትልቁ የዓሣ ገበያ የፊት ገጽታው ከዓመት በፊት አልቋል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ጎበዞች ቅስቱንና ድንኳኑን ሠርተውታል። የጀርባው ባዶ ነው። ከገበያው ጀርባ ያለው 20 በ45 ሜትር የእኔ ነው፤ ማድረቂያ ቆጥ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ መጸዳጃ፣ የተሰበሩ ቅርጫቶች፣ የቢላዋ መሳያ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ አሞራ ገደል ሄድኩ። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንደ ወትሮው በየጠረጴዛው ተነሥቷል፤ ገበያው ግን ክርክሩን አልጠበቀም፤ ሞልቷል። እኔ ከጀርባ ዞሬ ቆምኩ። አንጀቱ የሚጣልበት ቦታ ከሚበላበት በስንት እርምጃ ይርቃል? 34። ነፋሱ ወዴት ይወስደዋል? የሚጠርገው ማን ነው? ማንም አይጠርገውም፤ አባ ኮዳዎቹ ናቸው የሚጠርጉት።

ማታ ቤት ገብቼ ከቆሻሻው ክምር ጀመርኩ። አባ ኮዳ በጨዋታው የለም። በብሎክ ልሠራው ሞከርኩ፤ እግሩ የአጥር እንጨት፣ ጀርባው ሁለት ጥቁር ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ አንገቱ አንድ ሮዝ መሰል ጭቃ። ቁመቱ ሦስት ሜትር ሆነብኝ፤ እውነተኛው ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ከገበያው ጣሪያ በላይ አንገቱን አውጥቶ ገዢዎቹን ያያል። ነገ አሳጥረዋለሁ።